ስለ ሰንሰል ቅጠልና ስለ ሠላሳ አይጦች

በዚህች መጽሔታችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስለ ግቢያችን ኑሮ፥ ስለ ፍቅር፥ አንዳንድ ጊዜም ስለ ሀገር ጉዳይ ነው። እኔ ግን ለዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቅጠልና ስለ ሠላሳ አይጦች ነው። ነገሩ የላቦራቶሪ ወሬ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡብኝ አደራ እላለሁ፤ መጀመሪያው ቤታችን ነውና፤ መጨረሻውም ዞሮ ወደዚያው ወደ ቤታችን ይመለሳል።

የተወለድሁት በጣና ዳር፥ በፎገራ ነው። ፎገራን የሚያውቅ ሰው ውኃውንና ጭቃውን ያውቃል። ክረምቱ ቢወጣም ሜዳው ያቆረው ውኃ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት ለሌላው ሰው የአደይ አበባ ወራት ሲሆኑ ለእኛ የወባ ወራት ናቸው። ሽማግሌዎቻችን ወባ አይሏትም፤ ንዳድ ነው የሚሏት። እንደ እሳት ታነዳለችና ስሟ ሥራዋን ይናገራል።

አያቴ እማሆይ (ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም) የንዳድ መድኃኒት በማወቅ በመንደራችን የታወቁ ናቸው። መድኃኒቱ ቅጠል ነው። በማለዳ እህል ሳይቀመስ ይቀጠፋል፤ በድንጋይ ይወቀጣል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ታሽቶ ይጨመቃል፤ በሽተኛው በባዶ ሆዱ አንድ ፍንጃል ይጠጣል። ቅጠሉ የምን እንደ ሆነ ግን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቆርጠው ሲመጡ በነጠላቸው ሸፍነው ነው፤ የተጨመቀውን ትርፍራፊም ማንም እንዳያየው እሳት ውስጥ ይጨምሩታል። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል የሚለውን እምነት አብዛኞቻችሁ ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፥ በጥቅምት ወር፥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረውን ታናሽ ወንድሜን ትኩሳት ያዘው። እማሆይ ቅጠሉን አጠጡት። በማግሥቱ ላብ አሰመጠው፤ ሰውነቱ በረደ፤ እንጀራ ጠይቆ በላ። እናቴ በስልክ «ተሻለው፥ በላልኝ» ስትለኝ፥ ሳይንስ እማራለሁ የምለው እኔ «እሰየው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። «የሆነ ሆኖ ደሙን አስመርምሩት» ለማለት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅብኝም ነበር። አላልሁም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። በአራተኛው ሌሊት ልጁ ተንቀጠቀጠ፥ ዐይኑ ዞረ፥ ራሱን ሳተ። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ሲነጋ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ወባው ወደ አንጎል ወጥቷል ተባለ፤ በደም ሥሩ አርቴሱኔት የሚባለውን መርፌ ሰጡት። በሁለተኛው ቀን ማታ ዐይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ። ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ኳስም ይጫወታል። እኔ ግን ያቺን «እሰየው» ያልሁባትን ስልክ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አላስተኛኝ አለ። ቅጠሉ ሠርቶ ነበርን? ወይስ ምንም ሳይሠራ ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ በርዶ ነበር? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የወባ ተሐዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል። በሀገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለቱ ዓይነቶች፥ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፥ በየ48 ሰዓቱ ገደማ ሕዋሱን አፈንድተው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ብርድና ትኩሳት ይመጣል፤ ቀጥሎ ላብ ይወጣና በሽተኛው «ዳንሁ» ይላል። በፋልሲፓረም ላይ ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ የተስተካከለ አይደለም፤ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። እንግዲህ በትኩሳቱ ቀን ምንም ነገር ብታጠጡት፥ ንጹሕ ውኃም ቢሆን፥ በማግሥቱ መድኃኒት መስሎ ይታያል። ወንድሜን ያዘናጋን ቅጠሉ ይሁን የበሽታው ተፈጥሮ በማየት ብቻ ለማወቅ አይቻልም።

የመመረቂያ ጥናት ርእስ ምረጡ በተባልን ጊዜ እኔ አልተቸገርሁም። ለዕረፍት ወደ ቤት ወርጄ እማሆይን ቅጠሉን እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ «አንተ ልጅ፥ ይኸን የምትጠይቀኝ ወንድምህን ልገድለው የነበርሁ መስሎህ ነው?» አሉኝ። አይደለም ብዬ ማልሁ፤ ነገር ግን በከፊል እውነታቸውን ነበር። ተነሥተው ወጡና ከአጥራችን አንድ ዘለላ ቆርጠው ሰጡኝ። ሰንሰል ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ በአጠገቡ ያለፍሁት፥ ጥጃ እንዳይገባ የሚተከለው፥ ሌላው ሀገር ስሚዛ የሚለው ሰንሰል። ሳቄ መጣና ዋጥሁት።

«እንግዲህ ንገር» አሉ እማሆይ፤ «እኔ አርጅቻለሁ፤ ይዤው ብቀበር ለማን ይጠቅማል? ብቻ እሳት አታስነካው።»

ፈቃዳቸውን መጠየቄ ለወጉ ያህል ብቻ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ፥ ጥቅም ሲገኝበትም ባለቤቱ እንዲካፈል ያዛል። ናሙናውን በጋዜጣ መካከል ተጭኜ አድርቄ ዕፅዋት ለሚመዘገቡበት ለሄርባሪየም አቀረብሁ። የሳይንስ ስሙ ጀስቲሺያ ሺምፐሪያና ነው ተባልሁ። ሺምፐር በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሀገራችን መጥቶ፥ በትግራይ ኖሮ፥ እዚያው የሞተ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። የሰበሰበውን ሁሉ በጽሑፍ ስላኖረ ስሙ በቅጠላችን ላይ ቀረ። የእኛ አዋቂዎች ግን የሚያውቁትን በነጠላ ሸፍነው፥ ትርፍራፊውን አቃጥለው አለፉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይባል ይሆን?

የአጥር ቅጠል ነው ብዬ እንዳልንቀው የእንዶድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የውኃው ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቢልሐርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነውና ይህ ታላቅ ነገር ነበር። አጣቢዎቹ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፉትን ነገር እርሳቸው ቆመው «ለምን?» ብለው ጠየቁበት። ከዚያች ቀን አንሥቶ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት እስከ ተቀበሉበት እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ 25 ዓመት አለፈ። አንድን ቅጠል ወይም ፍሬ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱን እስኪሰጥ መጠበቅ ግን ዕድሜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ አይጦቹ ልምጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰውን ወባ አይጥ አይዘውም፤ ስለዚህ ፕላስሞዲየም በርጌ የሚባለው የአይጥ ወባ ይወሰዳል። ተሐዋሲው ያለበት ደም በመርፌ ለነጫጭ አይጦች ይሰጣል። ከዚያ አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ። የእኔ ሠላሳ ነበሩ፤ ስድስት ስድስት ሆነው በአምስት ቤት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ማሟሟቻውን ውኃ ብቻ፥ አንዱ ክሎሮኪን፥ ሦስቱ የቅጠሉን ጭማቂ በሦስት ልክ፥ ይኸውም በአንድ ኪሎ ክብደት 200፥ 400 እና 600 ሚሊግራም፥ ለአራት ቀን ተከታታይ ይጠጣሉ። በአምስተኛው ቀን ከየአይጡ ጅራት አንድ ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ይቀባል፤ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ይነከራል፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ከመቶ ቀይ ሕዋስ ስንቱ እንደ ተያዘ ይቆጠራል። ተሐዋሲው በየሳምንቱ ገደማ ከአይጥ ወደ አይጥ ካልተላለፈ ይጠፋልና እኔ ገናን ያሳለፍሁት ከአይጦቼ ጋር ነው። ዶርም ውስጥ ያሉ ጓደኞቼ «እንኳን አደረሰህ፥ ለቤተሰቦችህም አድርስልን» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ ቅጠሉን በውኃ አፈላሁት። የእማሆይን «እሳት አታስነካው» የሚለውን ቃል በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ነገር ግን ስሙ ሲጠራ ይሞታል ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ተረት አድርጌ ቈጠርሁት። ውጤቱ ባዶ ነበር። ቅጠሉን የጠጡትና ውኃ የጠጡት አይጦች ደም አንድ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ ቻይናዊቱ ሳይንቲስት ስለ ቱ ዩዩ አነበብሁ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1967 ፕሮጀክት 523 የሚባል የወባ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረች፤ ቱ ዩዩም በ1969 ገቡበት። የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍትን እያገላበጡ ብዙ ዕፅዋት ሞከሩ። ከነዚህ አንዱ የእኛው የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ የሆነ አርቴሚሲያ አኑዋ የሚባል ተክል ነበር፤ አንድ ጊዜ ይሠራል፥ አንድ ጊዜ አይሠራም። በ4ኛው መቶ ዓመት ጌ ሆንግ የሚባል ሊቅ የጻፈውን ሲመለከቱ ግን ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ እንዳልታዘዘ አስተዋሉ። እንግዲያው ኃይሉን የሚያጠፋው ሙቀት ይሆን? ብለው በ35 ዲግሪ በሚፈላው በኢተር አወጡት። በጥቅምት 1971 እ.ኤ.አ. ቁጥር 191 የሚል ምልክት የተሰጠው ጭማቂ በተያዙት አይጦች ላይ ተሐዋሲውን ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በበሽተኞች ከመሞከሩ በፊት ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ጠጡት። ከዚያ የተገኘው ንጥረ ነገር አርቴሚሲኒን ነው፤ ቱ ዩዩም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት።

ይህን ሳነብ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛው፥ እማሆይ «እሳት አታስነካው» ያሉኝን ንቄ አንድ ወር ሙሉ በከንቱ ደክሜአለሁ። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ወንድሜን ያዳነው አርቴሱኔት የሚሠራው ከዚያው ከአርቴሚሲኒን ነው። ወንድሜን ያዳነውም ቅጠል ነው ማለት ነው። ልዩነቱ አንደኛው ቅጠል እስከ መጨረሻው ተጠይቋል፤ ምን እንዳለበት፥ ስንት እንደሚበቃ፥ የት እንደሚያንስ ታውቋል። ሌላው ገና በአጥር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ፔልቲየና ካቫንቱ የሚባሉ ፈረንሳውያን ኪኒንን ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ለይተው ያወጡ ጊዜ የሆነውም ይኸው ነው፤ ቅርፊቱ ቀድሞም ይጠጣ ነበር፤ መጠኑ የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ እንደ ገና ጀመርሁ። ቅጠሉን በጥላ አደረቅሁት፤ ፈጨሁት፤ በ80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ሦስት ቀን በቀዝቃዛው ዘፈዘፍሁት፤ ፈሳሹን ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ አተነንሁት። የቀረው ጥቁር አረንጓዴ፥ እንደ ሬት የሚያጣብቅ ነገር ነው። በአምስተኛው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ስደፋ ልቤ ይመታ ነበር።

ውጤቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ። ትንሹ ልክ ምንም አላደረገም። ትልቁ ልክ የተሐዋሲውን ብዛት ቀነሰው፤ ግን ከግማሽ በታች ነው። ክሎሮኪን የወሰዱት አይጦች ደማቸው ጠራ። ቅጠሉን በትልቁ ልክ የጠጡት ውኃ ከጠጡት ጥቂት ቀን ዘግይተው ሁሉም ሞቱ።

ጥቂት ቀን። ማስታወሻዬ ላይ ስጽፈው እጄ ቆመ። የአይጥ ወባ የሰው ወባ አይደለም፤ አይጥም ወንድሜ አይደለም፤ ስለዚህ በቤታችን የሆነው ይኸው ነበር ለማለት አልችልም፤ አልልምም። ነገር ግን የሚያዳክም እንጂ የማይጨርስ መድኃኒት ምን ዓይነት አደጋ እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ አልፈለግሁም። ፈጽሞ የማይሠራ ቅጠል ቶሎ ይጣላል። በግማሽ የሚሠራው ግን ሰውን አሳምኖ ያስቀምጠዋል፤ ተሐዋሲው ደግሞ አይቀመጥም።

አንድ ወዳጄ ውጤቱን «ከፍተኛ ፀረ ወባ ኃይል ያለው» ብለህ ጻፈው፤ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚጽፈው፤ 30 በመቶ ከቀነሰ ይሠራል ይባላል ብሎ መከረኝ። በዚህ መለኪያ ከሄድን ውሸት አይሆንም ነበር። ነገር ግን ያን ጽሑፍ አንድ የጋዜጣ ሰው ቢያገኘው፥ ከዚያም ለአንዲት እናት «ሰንሰል ወባን እንደሚያድን ዩኒቨርሲቲ አረጋገጠ» ተብሎ ቢነበብላት፥ እኔ ያን «እሰየው» ሁለተኛ ጊዜ አልሁ ማለት አይደለምን? ስለዚህ እንዳየሁት ጻፍሁ። ማርኬ መካከለኛ ነው።

ለፋሲካ ወደ ቤት ወረድሁ። ለእማሆይ መንገር ነበረብኝ፤ ከፈተናው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቡና እስኪፈላ ጠብቄ ነገርኋቸው።

«እንግዲህ ከንቱ ነው በለኛ» አሉ።

«ከንቱስ አይደለም እማሆይ። ያዳክመዋል፤ ግን አይጨርሰውም።»

«እኔስ መቼ ይጨርሳል አልሁ?»

ደነገጥሁ። ያን ጊዜ ነው የ1951ን ንዳድ የነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1958፥ ማለት ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ፥ በኢትዮጵያ የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ በመጻሕፍት አውቀዋለሁ። ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው፥ ወባ ብዙ በማያውቀው ሀገር ሁሉ ገብቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል፤ የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም በማግሥቱ ዓመት ነው። ከዚያ ከቁጥሩ ውስጥ የእኔ ቤተሰብ እንዳለበት ግን አላውቅም ነበር።

«አምስት ልጆች ነበርን» አሉ እማሆይ። «እናቴ ቅጠሉን ጨምቃ ከአንድ ጮጮ ለአምስታችንም አጠጣችን። እኔና ታላቅ ወንድሜ ተረፍን። ሦስቱን በአንድ ሳምንት ቀበርን። ሰው ሁሉ እኔን እያየ፥ ቅጠሉ አዳናት አለ። የተረፈ ይታያል፤ የሞተ አይታይም። ስለ ሦስቱ የጠየቀኝ የለም።»

«ታዲያ ለምን ያጠጡ ነበር?»

«ልጄ፥ ያን ጊዜ ሌላ ምን ነበረ? ባዶ እጅ ከመቀመጥ ብዬ ነው። ዛሬማ ጤና ኬላው እዚያ ነው።»

እኔ በሠላሳ አይጦችና በአንድ ዓመት ያገኘሁትን እማሆይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ኖረዋል። በጎደለ ያልታወቀው፥ ሳይጠየቁ ስለ ቀሩ ብቻ ነው። እኔም ብሆን ስለ ቅጠሉ ስም እንጂ ጠጥተው ስለ ሞቱት አልጠየቅኋቸውም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እማሆይ ደሙን ተመርምሮ ወረቀት ይዞ ያልመጣን ሰው ቅጠል አያጠጡም። ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን ግን በደንብ ያያሉ። ጎረቤቶች «እማሆይ ቢሮ ከፈቱ» እያሉ ይስቃሉ።

ውድ አንባቢዎች፥ ወባ የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሰው ሞቷል። መድኃኒቶቻችንም እያረጁ ይሄዳሉ። ክሎሮኪን በፋልሲፓረም ላይ ስለ ደከመ በ1998 እ.ኤ.አ. በፋንሲዳር ተተካ፤ እርሱም ስለ ደከመ በ2004 ከአርቴሚሲኒን የሚሠራው ኮአርተም ገባ። ዛሬ ደግሞ አርቴሚሲኒንን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የተሐዋሲው የዘር ለውጥ በሀገራችን ውስጥ ተመዝግቧል። ስለዚህ አዲስ ንጥረ ነገር መፈለግ የቅንጦት ሥራ አይደለም። በሰንሰል ውስጥ የሚያዳክም ነገር ካለ፥ ያ ነገር ከብዙ ከማይረባ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። ተለይቶ ቢወጣ ይበረታ እንደ ሆነ፥ ወይም መርዝ ሆኖ ይገኝ እንደ ሆነ፥ መልሱ የሚገኘው በመሥራት ነው።

እኔ የደረስሁበት እዚህ ድረስ ነው። ጭማቂውን በክሎሮፎርም፥ በቡታኖልና በውኃ ሦስት ቦታ ከፍዬ በጠርሙስ አስቀምጫለሁ፤ ጊዜዬና ገንዘቤ ግን አለቀ። ጠርሙሶቹ በላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የምጨነቀው እኔ ነኝ። ከኬሚስትሪ ክፍል ይህን ሥራ ለመቀጠል የሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ማስታወሻዬን ሁሉ፥ ያልሠራውን የመጀመሪያውን ሙከራ ጭምር፥ በደስታ አስረክባለሁ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ለክረምት ወደየሀገራችሁ ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ። ቅጠሉ የምን ነው ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። እሳት ይንካው ወይስ አይንካው፥ ስንት ሰው ጠጣ፥ ከጠጡት ስንቱ ሞተ ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁንም በዚያው ቀን ጻፉት።